የተራራ ራስ የገዙ ቄስ

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና መጋዘን ሊከራይ የሚመጣ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከሻንጋይ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ዋጋው ስንት ነው? ውሉስ እስከ መቼ ይጸናል? የፊተኛው ቀጠና በ2004 ከተከፈተ ወዲህ፣ ይልቁንም እስከ 4,800 ሄክታር እንዲሰፋ የታቀደውና በ240 ሄክታር ሥራውን የጀመረው ዓለም አቀፍ ቀጠና በጁላይ 2018 ከተመረቀ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ በዚያ ዳርቻ የዘወትር ነገር ሆኗል። ለሚያስተውል ሰው ግን ከእነዚህ ከሦስቱ የሚበልጥ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቦታውን የሚይዘው ማን ነው፣ ከያዘውስ በኋላ ለማን ጥቅም ያውለዋል የሚለው ነው። የዚህ ባሕር ዳርቻ ሕዝብ አራተኛውን ጥያቄ የተማረው በውድ ዋጋ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ ማርች 11 ቀን 1862 በፓሪስ በተፈረመው ውል ፈረንሳይ ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች በ10,000 ማርትሬዛ ብር ገዛች፤ የዛሬይቱ ጅቡቲ የበቀለችው ከዚያ ውል ሥር ነው። ከሰባት ዓመት በኋላም ኖቬምበር 15 ቀን 1869፣ የስዌዝ ቦይ ሊመረቅ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው፣ ጁዜፔ ሳፔቶ የተባሉ ኢጣልያዊ የአሰብን ዳርቻ ከወንድማማቾቹ ከሡልጣን ሐሰንና ከሡልጣን ኢብራሂም በ6,000 ማርትሬዛ ብር ተዋዋሉ። ቦታው የተገዛው ሩባቲኖ ለሚባለው የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ ነው ተባለ።

እኒህ ሳፔቶ ተራ ደላላ አልነበሩም። በ1811 በሊጉርያ አገር ተወልደው የላዛሪስት ማኅበር ካህን የሆኑ፣ ከፈረንሳዮቹ ከአባዲ ወንድማማቾች ጋር ባሕር ተሻግረው በ1838 ዐድዋ የደረሱ፣ በመንሳዕና በቦጎስ በሐባብም የተመላለሱ፣ የአገሩን ቋንቋና ጽሕፈት በትጋት ያጠኑ ሰው ነበሩ። በአከለ ጉዛይ ያሉ ካቶሊካውያን ምእመናን «አባ ያዕቆብ» እያሉ የሚያስታውሷቸው ዮስጢኖስ ዴ ያኮቢስ በ1839 ሲመጡ መንገዱን ጠርገው የጠበቋቸው ሳፔቶ ናቸው። የኋላ ኋላ ግን ከማኅበሩ ወጥተው የቋንቋ መምህር ሆኑ፤ ያ ሁሉ ዕውቀትም በመጨረሻ የዋለው ለአሰብ ውል ነው። በ1882 የኢጣልያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1890 ደግሞ ከአሰብ እስከ ምጽዋ፣ ከምጽዋም እስከ ደጋው ያለው አገር ሁሉ ኤርትራ ተብሎ በአዋጅ ቅኝ ግዛት ሆነ። ውሉን ያተሙት ባላባቶች የሸጡት የመርከብ መቆሚያ መስሏቸው ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሳፔቶ በ1895 ሞቱ። በዚያው ዓመት፣ ከቀይ ባሕር እጅግ ርቆ በሚገኝ የአውስትርያና የሀንጋርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት፣ ሌላ ካቶሊካዊ ቄስ ደግሞ የመሬት ውል ተፈራረሙ። የገዙት ወደብ አይደለም፤ እህል የማይበቅልበት፣ ከብት የማይሰማራበት፣ ውሃ የማይመነጭበት የዓለት ጫፍ ነው። የከፈሉትም አንድ ፍሎሪን ነበር። ፍሎሪኑ በውስጡ 11 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ሲኖረው፣ በዚሁ መንግሥት ማተሚያ ቤት ተመትቶ በትሪየስት ወደብ በኩል ወደ እኛ ባሕር ይጫን የነበረው ማርትሬዛ ደግሞ ከ23 ግራም በላይ ነበረው። እንግዲህ የዚያ ተራራ ራስ ዋጋ አንድ ማርትሬዛ ብር ለሁለት ቢከፈል ግማሹን እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የቄሱ ስም ያኮብ አልያዥ ይባላል፤ ተራራውም ትሪግላቭ ነው።

አባ ያኮብ አልያዥ ጁላይ 6 ቀን 1845 ከሉብሊያና ከተማ አጠገብ ባለች ዛቭርህ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሉብሊያና ተምረው በ1871 ቅስና ተቀበሉ፤ በትርዢችና በዶብራቫ ካገለገሉ በኋላ በ1889 በትሪግላቭ ግርጌ ወዳለችው ወደ ዶቭዬ ደብር ተመደቡ። እዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል ቆዩ።

ቄስና ተራራ መገናኘታቸው ለዚህ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በግዕዝ «ደብር» ማለት ራሱ ተራራ ማለት ነው፤ አቡነ ፊልጶስ በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በደብረ ቢዘን ላይ የመሠረቱትን ገዳም፣ ወይም ወደ ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣበትን ገደል ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ነገር ግን የእኛ አበው ወደ ተራራ የወጡት ከዓለም ለመለየት ነው፤ አባ አልያዥ የወጡት ዓለምን ለመገናኘት ነበር። ትሪግላቭ 2,864 ሜትር ከፍታ አለው። ከራስ ዳሽን ጋር ቢነጻጸር 1,700 ሜትር ያህል ያንሳል፤ ከአስመራ አደባባይም ቢሆን የሚበልጠው በ500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም አገሩ ሰሜን ስለ ሆነ በረዶ የሚውልበትና የሚያድርበት፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ገደል የሆነ ተራራ ነው። ስሙ በስሎቬኖች ቋንቋ «ባለ ሦስት ራስ» ማለት ነው። ኦገስት 26 ቀን 1778 አራት የአገሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ ደርሰዋል፤ ይህም ሞን ብላን ከተባለው ታላቅ ተራራ ስምንት ዓመት ይቀድማል።

ስሎቬኖች በሀብስቡርግ ነገሥታት ሥር ለብዙ መቶ ዓመት የኖሩ ቍጥራቸው ጥቂት የሆነ የስላቭ ወገን ናቸው። በሹመት፣ በችሎትና በከፍተኛ ትምህርት ቤት የጀርመንኛ ቋንቋ ይነግሥ ነበር፤ ስሎቬንኛ የማረሻና የጸሎት ቋንቋ ተደርጎ ይታይ ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ አውሮፓውያን ለመዝናናት ተራራ መውጣት ሲለምዱ ይህ የቋንቋ ነገር ተራራውንም ተከትሎት ወጣ። የጀርመንና የአውስትርያ የተራራ ማኅበር በትሪግላቭ ዙሪያ ማረፊያ ቤቶች ሠራ፣ መንገድ ጠረገ፣ በየመንገዱም በጀርመንኛ የተጻፈ ሰሌዳ ተከለ። ተራራውም በመጻሕፍትና በካርታ «ቴርግሉ» እየተባለ ይጠራ ጀመር። ከዚያች ደብር ተነሥቶ ወደ ጫፉ የሚወጣ የአገሩ ተወላጅ በገዛ አባቱ ተራራ ላይ እንግዳ ሆኖ ራሱን አገኘው። እዚህ ላይ ፍርድን ሳያዛቡ መናገር ይገባል፤ ጀርመኖቹ መንገድ መጥረጋቸውና ለብርድ መጠለያ መሥራታቸው በጎ ሥራ ነው፤ ከእነዚያ ማረፊያ ቤቶች ሕይወቱን ያተረፈም አይጠፋም። በጎውን ሥራ መራራ ያደረገው ባለቤቱን መዘንጋቱ ነበር።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1893 በሉብሊያና የስሎቬኖች የተራራ ማኅበር ተመሠረተ። አባ አልያዥ ከማኅበሩ ጋር በልብ ተባበሩ፤ ነገር ግን ስብሰባና የጋዜጣ ክርክር ብቻውን ሰሌዳ እንደማይነቅል ያውቁ ነበር። ሕግ የሚያውቀው ባለቤትን ነው። ስለዚህ ወደ ዶቭዬ የመንደር ማኅበር ሄደው፣ ተራራው በማኅበሩ ይዞታ ውስጥ ነበርና፣ ከጫፉ ላይ ለአንዲት ትንሽ ሥራ የምትበቃ ቦታ እንዲሸጥላቸው ጠየቁ። የመንደሩ ሰዎች የቄሳቸውን ሐሳብ ሳይረዱት አልቀሩም፤ በአንድ ፍሎሪን ሸጡላቸው።

በዚህ ውልና በአሰብ ውል መካከል ያለው ልዩነት በዋጋው ላይ አይደለም፤ ዋጋውማ በሁለቱም በኩል ከነገሩ ክብደት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሳፔቶ ቋንቋ ተምረው ከሻጩ ጋር ተግባቡ፣ የገዙትን ግን ሻጩ ለማያውቀው ለሦስተኛ ሰው አሳለፉት። አልያዥ ከሻጩ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይጸልያሉ፣ የሻጩን ልጅ ያጠምቃሉ፣ ሲሞትም ይቀብራሉ። ቦታውን የገዙት ከባለቤቱ ሊወስዱት ሳይሆን ሌላ እንዳይወስደው በወረቀት ሊያስሩት ነበር። የውል ቃሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚፈጽመው ሥራ እንደዚህ ሊራራቅ መቻሉ በወደብ አካባቢ ለሚኖርና ውል ለሚፈርም ሕዝብ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ውሉ እንዳለቀ አባ አልያዥ በራሳቸው ገንዘብ አንድ የብረት ማማ አሠሩ። ሥራውን የያዙት አንቶን ቤሌትስ የሚባሉ የሉብሊያና አካባቢ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። ማማው ክብ ነው፤ ሾጣጣ ጣራ አለው፤ በጣራውም ላይ የብረት ባንዲራ ተተክሎበታል። ከሩቅ ለሚያየው ከአገራችን ጎጆ ጋር ይመሳሰላል፤ ስፋቱ ግን ሦስት አራት ሰው ተጠጋግቶ ከነጎድጓድና ከዝናብ ከሚጠለልበት አይበልጥም። ክፍሎቹ በሉብሊያና አካባቢ ተሠርተው፣ ከተራራው ግርጌ ጀምሮ በተሸካሚዎች ጀርባ ወደ ላይ ወጡ። ኦገስት 7 ቀን 1895 ቤሌትስና ሠራተኞቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ገጣጥመው አቆሙት። በውስጡም መቀመጫና የጎብኚዎች መዝገብ ተቀመጠ። በቅርብ ያሉት ተራሮች ስማቸው በስሎቬንኛ የሚነበብበት ጊዜ እንዲህ ጀመረ።

ነገሩ ያለ ክርክር አላለፈም። ማማው የመንግሥት ቀያሾች የሚለኩበትን ዋና ምልክት አበላሽቷል የሚል ክስ በቄሱ ላይ ቀረበ። ክሱ የተጠነሰሰው ከማን ወገን እንደ ሆነ ለማንም አልተሰወረም። አልያዥ ግን በሹማምንቱና በጦር መኰንኖቹ ዘንድ የተከበሩ፣ ሕግንም አጥብቀው የያዙ ሰው ስለ ነበሩ ክሱ አልጸናም። በእጃቸው ያለው ወረቀት የአንድ ፍሎሪን ወረቀት ቢሆንም የንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ቤት ሊንቀው የማይችል ወረቀት ነበር። ሳይቈይም ማማውን ለስሎቬኖቹ የተራራ ማኅበር በስጦታ አስረከቡ። የራሳቸው አድርገው ቢያቆዩት ከልካይ አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው የተረፈ ንብረት በሞቱ ጊዜ ለወራሽ እንደሚበተን ገብቷቸው ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ያለው የአባ አልያዥ ዘመን የግንባታ ዘመን ነው። በ1896 በክሬዳሪጻ ላይ፣ በ2,515 ሜትር ከፍታ፣ የትሪግላቭ ማረፊያ ቤት ተከፈተ፤ ቦታውን የመረጡትና ለሥራው የተሟገቱት እሳቸው ናቸው፤ ለተራራ ወጪዎች ቅዳሴ የሚደርስበት ትንሽ የጸሎት ቤትም አሠሩ። በዚያው ዓመት በታች በቭራታ ሸለቆ ሌላ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1904 በሰፊ ቤት ተተካ፤ በ1909 የበረዶ ናዳ መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው። በሚከተለው ዓመት ደግሞ ሠሩት። ስለ ናዳው ብዙ ከመናገር ይልቅ በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው መሥራታቸውን ማስታወስ ይበቃል።

ሆኖም አባ አልያዥን በማማው ብቻ የሚያውቃቸው ሰው ግማሹን ብቻ ያውቃል። እሳቸው የዜማ ሰው ነበሩ። በየደብሩ የመዘምራን ጓድ ያቋቁማሉ፤ ገበሬውን፣ ቀጥቃጩንና ተማሪውን በአራት ድምፅ መዘመር ያስተምራሉ፤ ለወንዶች መዘምራን የሚሆን ዜማም ይደርሳሉ። የቅዱስ ሞሆር ማኅበር የተባለው የመጻሕፍት አሳታሚ ያሳተማቸውን ሁለት የመዝሙር መጻሕፍት በ1896ና በ1900 ያዘጋጁ እሳቸው ናቸው። ማትያ ዜምልዪች የተባሉ ቄስ ስለ ትሪግላቭ የጻፉትን ግጥም በዜማ አውጥተውት እስከ ዛሬ የስሎቬን ተራራ ወጪዎች ሁሉ መዝሙር ሆኗል። ማንበብ ለማይችል ሰው የመንገድ ሰሌዳ በጀርመንኛም ተጻፈ በስሎቬንኛ ለውጥ የለውም፤ መዝሙር ግን ያልተማረውንም ይደርሰዋል። በአፍ ያለ ቋንቋን ለማስለቀቅ ደግሞ የሰሌዳ መንቀያ መሣሪያ አይበቃም።

ይህ እውነት የታየው ቄሱ ካረጁ በኋላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሀብስቡርግ መንግሥት ፈረሰ። ኖቬምበር 12 ቀን 1920 በራፓሎ በተፈረመው ውል ከስሎቬኖች አገር ምዕራቡ ክፍል ለኢጣልያ ተሰጠ፤ አዲሱ ድንበርም በትሪግላቭ ጫፍ ላይ አለፈ። አንዱ ቄስ በአንድ ፍሎሪን የገዙት ዓለት የሁለት መንግሥታት ወሰን ሆነ። ከዚያ ወዲያ በድንበሩ ማዶ ለቀሩት ስሎቬኖች የደረሰው መከራ ለዚህ ዳርቻ ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። ገና ከውሉ በፊት፣ ጁላይ 13 ቀን 1920፣ በትሪየስት የነበረው የስሎቬኖች የሕዝብ አዳራሽ በእሳት ጋየ። በ1923 የወጣው የትምህርት ደንብ ስሎቬንኛን ከትምህርት ቤት አስወጣ። በኤርትራ ደግሞ የአገሬው ልጅ ኢጣልያንኛ እየተማረ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳያልፍ ተደርጎ ነበር፤ በዚያ ቋንቋው ተከለከለ፣ በዚህ ዕውቀቱ ተለካ፤ ደንቡን ያወጣው አሳብ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ስሎቬንኛ የቀረለት መጠጊያ ቤተ ክርስቲያንና የመዘምራን ጓድ ሆነ። ስለዚህም የጥቁር ሸሚዝ ሰዎች ዓይናቸውን በመዘምራን መሪዎች ላይ ጣሉ። ዲሴምበር 27 ቀን 1936 በጎሪጽያ አጠገብ ሎይዜ ብራቱዥ የተባሉት የመዘምራን መሪ፣ በስሎቬንኛ አስዘምረው ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ተይዘው የሞተር ዘይት በግድ ተጋቱ። ከብዙ ሥቃይ በኋላ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1937 ሞቱ። በሦስተኛው ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ እልቂት ተጀመረ። አንባቢ እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን አድርጎ ቢያስታውሳቸው መልካም ነው፤ በታሪክ መጻሕፍት አንድ ላይ ተጽፈው እምብዛም አይገኙምና።

አባ አልያዥ ይህን አላዩም። ከመሞታቸው ጥቂት ዓመት በፊት የተራራ ትዝታዎቻቸውን በማኅበሩ መጽሔት አሳትመው፣ ሜይ 4 ቀን 1927 በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በዶቭዬ ዐረፉ፤ በዚያችው ደብር ተቀበሩ። ስለ ሰውየው በሚነገረው ሁሉ ውስጥ መልአክ አድርጎ መሣል አይገባም። የወገን ፍቅራቸው የበረታ ነበር፤ ከጀርመኖቹ ጋር የነበራቸው ፉክክርም አንዳንድ ጊዜ ከተራራ ነገር ይልቅ የእልህ ነገር ይመስላል። ከ1918 በኋላ ደግሞ የጀርመኖቹ ማረፊያ ቤቶች በተራቸው በስሎቬኖች እጅ ገቡ፤ ስማቸውም ተለወጠ። የተበደለ ወገን በተራው ስም መለወጥ ሲጀምር የፊተኛውን ባለ ሥራ ውለታ ማስታወስ ይከብደዋል፤ ይህም በትሪግላቭ ብቻ የታየ ነገር አይደለም።

ማማው ግን ብዙ መንግሥት ሲያልፍ ቆሟል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀይ ቀለም ተቀብቶ በራሱ ላይ ቀይ ኮከብ ተደረገለት፤ ዘመኑ ሲያልፍ ወደ ቀድሞው ግራጫ መልኩ ተመለሰ። በ1991 ስሎቬንያ ነፃ መንግሥት በሆነች ጊዜ የትሪግላቭ ሦስት ራሶች በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ባለው ዓርማ ተቀረጹ። በ1999 ማማው የአገር ቅርስ ተብሎ በሕግ ተመዘገበ። በ2007 ስሎቬንያ የኤውሮ ገንዘብ ስትቀበል በሃምሳ ሳንቲሟ ላይ የተራራውን ሥዕል፣ በዙሪያውም አባ አልያዥ በዜማ ያወጡትን መዝሙር የመጀመሪያ ቃላት አሳተመች።

በ2018 የማማው ብረት በነፋስና በመብረቅ፣ በጎብኚዎችም እጅ ብዛት ተጐድቶ ስለ ተገኘ፣ በሄሊኮፕተር ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ቆላ ወረደ። ሠራተኞቹ የተደራረበውን ቀለም እየፋቁ ጠገኑት። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መግቢያ፣ ክረምቱ ሳይከብድ፣ እንደ ገና በሄሊኮፕተር ተጭኖ ወጣና አባ አልያዥ በገዙት ቦታ ላይ በብሎን ታሰረ።